በጠላት ኮከብ

አባባን ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። እኔ ያኔ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ አፓርትመንት ተከራይቼ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እሠራ ነበር። ሺፍቴ በጠዋት ስለሚጀምር አባባ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያዩታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ሰዎቹን ምን እንዳሳቃቸው ካልገባኝ ሳቃቸው ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። ከሥራ ስመለስ ብዙ ጊዜ መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የመኪና ማቆሚያውን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ዘብ የቆሙ ነው የሚመስሉት።

በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ኮሪያም ዘምተዋል። እንግሊዝኛቸው ከዚያ ዘመቻ የተረፈ ነው። "ሀልት"፣ "ኦኬ ሰር"፣ "ቻው ታይም" (የምግብ ሰዓት)። ፖስታ አመላላሹን "ኦኬ ሰር" እያሉ ሰላምታ ሲሰጡት እሱም ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይመልስላቸው ጀመር።

ከኛ በር ፊት ለፊት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣት ሆነው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው አካባቢ በመስታወት ቤት አበባ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች። ሳን ሆዜ የምትኖር ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ይዛላቸው ትመጣለች። ከበራቸው ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ የአበባ ማሰሮ ደርድረው ነበር፤ ለማለፍ በጎን መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባባ ፊታቸው ቀልቶ ይስቃሉ።

"ነይ ነይ፣ እስቲ አስተርጉሚልን" አሉኝ። "ከኮሪያ ለዕረፍት ጃፓን ወስደውን ነበር በይልኝ። 'አሪጋቶ' ብዬ በቋንቋው ሳመሰግነው ዘሎ ተነሣ እኮ!"

ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና "ካፒቴን" አሏቸው።

"ኧረ አሥር አለቃ ነበርኩ በይው።"

ስነግራቸው ጎረቤታችን አሰብ አደረጉና፣ "ካፒቴን ይሻላል" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበሩ የሁለቱ ሆነ። ብርቱካን ይልጣሉ። ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አበባዎቹ በእጅ በምልክት ያወራሉ። ሲቸግራቸው እኔን ይጠብቃሉ። ጎረቤታችንም በጦርነቱ ወታደር እንደነበሩ አባባ ገና ከመጀመሪያው ገምተዋል፤ ግን አልጠየቁም። "ራሱ ካላነሣው እኔ ምን ቤት ነኝ?" ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ እዚህ አገር የራሳቸው ሰው አገኙ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ወንበሩ ላይ የጃፓንኛ ጋዜጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አቀርቅረው ቀና አይሉም። ያመማቸው መስሎኝ ቀረብ ስል ፎቶግራፍ አሳዩኝ፤ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆመ፣ ክንፉ የተነቀለ አሮጌ አውሮፕላን። እዚሁ አሜሪካ፣ ወደ ምሥራቅ በኩል የሆነ ቦታ እያደሱት ነው አሉኝ። ከዚያም ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው፣ "ይህን አውቀዋለሁ። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ" አሉ።

አባባ ተቀመጡ፤ እኔም ነጠላዬን እንዳጣፋሁ መሐላቸው ቆምኩ። ጎረቤታችን በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው እየተናገሩ፣ እኔ ለአባባ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እያቀበልኩ ቀጠልን።

"ከሰርጓጅ መርከብ ላይ ነበር የሚነሣው።"

አባባ አቋረጡኝ። "ውሃ ውስጥ የሚሄድ መርከብ ላይ አውሮፕላን? ተሳስተሽ እንዳይሆን። እንደገና ጠይቂው።"

ጠየቅኋቸው። አልተሳሳትኩም። ጎረቤታችን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን። መርከቡ ጀርባ ላይ ረጅም የብረት በርሜል አለ፤ በሩ ወፍራም ነው፤ ውሃ አያስገባም። አውሮፕላኖቹ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጥፈው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። መርከቡ ቀኑን ውሃ ሥር ተደብቆ ይሄድና በጨለማ ብቅ ይላል። ያኔ በሩ ይከፈታል፣ ክንፉ ይዘረጋል፣ ውሃ ላይ የሚያርፍባቸው ሁለት ትልልቅ እግሮች ይገጠሙለታል፣ ከዚያ በማስወንጨፊያ ይወረወራል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸውን አየር ላይ አንቀሳቀሱ። "መብራት ማብራት ክልክል ነበር፤ እያንዳንዱን ብሎን በእጅ ነው የምናውቀው" አሉ።

አባባ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጎበዞች ነበሩ በይው።"

ነገርኳቸው፤ ደስ ያላቸው ግን አልመሰለኝም። ከተማረኩት አውሮፕላኖች አንዱን አሜሪካኖች እዚሁ ቅርባችን አላሜዳ፣ የባሕር ኃይሉ ጦር ሰፈር አምጥተው ሜዳ ላይ አቁመውት እንደነበር ነገሩን። እሳቸው እዚህ አገር በመጡበት ሰሞን አይተውታል። ሚስታቸውንም ወስደው አሳይተዋታል፤ ግን ምን እንደሆነ አልነገሯትም። "ጥሩ አውሮፕላን ነው አልኳት። እሷ ደግሞ፣ ዝናብ እየመታው ነው፣ ቀለም ያስፈልገዋል አለችኝ።"

ቀለም ሲሉ ጋዜጣውን አጣጠፉት። ከዚያ በኋላ የነገሩንን ፊታቸውን ወደ አበባዎቹ አዙረው ነው የነገሩን።

ጦርነቱ ሊያልቅ አካባቢ የአሜሪካ መርከቦች የሚሰበሰቡባትን ደሴት ሄደው እንዲመቱ ታዘዙ። ከመነሣታቸው በፊት ሌላ ትእዛዝ መጣ። አውሮፕላኖቹ ላይ ያለው የጃፓን ቀይ ፀሐይ ይጥፋ፤ በምትኩ የአሜሪካ ኮከብ ይቀባ።

"ቀይዋን የፋቅሁት እኔ ነኝ። ኮከቡንም የቀባሁት እኔ ነኝ" አሉ። "በዚያው ቀን አብራሪው መጣ። ከኔ ያንሳል፤ ልጅ ነው። ክንፉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እባክህ ከውስጥ በኩል፣ ጉልበቴ አጠገብ፣ ሳንቲም የምታህል ቀይ ፀሐይ ቀባልኝ አለኝ። ማንም አያያትም፤ ስሞት የኔን ይዤ ልሙት አለ። ቀለሙ እጄ ላይ ነበር። ትእዛዝ ፈራሁ። አይሆንም አልኩት።"

መንገድ ላይ እያሉ ንጉሣቸው እጅ መስጠታቸው በሬዲዮ ተነገረ። መሣሪያውን ሁሉ ባሕር ውስጥ ጣሉ ተባሉ። አውሮፕላኖቹን ክንፋቸው እንደታጠፈ በማስወንጨፊያው ላይ አውጥተው ወደ ውሃው ለቀቋቸው። አብራሪው አጠገባቸው ቆሞ ያይ ነበር። ወደብ እስኪደርሱ አላናገራቸውም፤ ከዚያ በኋላም አልተያዩም።

የመጨረሻውን ለአባባ አስተርጉሜ ቀና ስል ፊታቸው ተለውጧል። ጎረቤታችን የሰጧቸው ብርቱካን እጃቸው ላይ ሳይላጥ ቀርቷል።

"የሰው ምልክት ለብሶ ሊገድል? እንደ ወዳጅ ቀርቦ?" አሉ። "ይሄ ሌብነት ነው እንጂ ወታደርነት አይደለም በይው።"

"አባባ..."

"በይው አልኩሽ!"

እንዴት እላለሁ? ወደ ጎረቤታችን ዞሬ፣ "ከባድ ነገር ነው ይላሉ" አልኩ።

ጎረቤታችን አባባን አዩ፣ እኔን አዩ። "አይደለም" አሉኝ በትሕትና። "ካፒቴን ሌላ ነገር ነው ያሉት። እባክሽ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። አልተቆጡም፤ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "እሺ" እንደሚል ሰው። አባባ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ባዶውን ይውል ጀመር። አባባ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ በጓሮው ደረጃ ዞረው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቢጫ አበባ ያለበት ማሰሮ ተቀምጦ አገኘሁ። ላስገባው ስል አባባ ከውስጥ፣ "እዚያው ተዪው" አሉኝ። ተቆጣሁ። "ምን በደሉዎት? ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር! ደግሞ ያሰቡት አልሆነም። ማንንም አልገደሉም!" አልኳቸው። አበባውን እኔ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አጠጣው ነበር፤ ቢሆንም ጠወለገ። ከጎረቤታችን ጋር በር ላይ ስንገናኝ፣ "ካፒቴን ደኅና ናቸው?" ይሉኛል። "ደኅና ናቸው" እላለሁ።

በክረምቱ ዝናብ መሐል ጎረቤታችን ስትሮክ መታቸው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አምቡላንሱን ያዩት አባባ ናቸው። ስመለስ መስኮቱ ሥር ሳይሆን ውጭ ዝናቡ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "አንድ ጫማው ወድቆ ነበር" አሉኝ። ጫማውን ይዘውታል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ሳን ሆዜ ቤቷ ወሰደቻቸው። ዕቃቸውን ልትሰበስብ መጥታ እኔና እሷ ማሰሮዎቹን ወደ መኪና ስንጭን፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ። "ብዙም አይናገርም። እናንተን ሲያይ ምናልባት ይነቃቃል፤ ደውይልኝና ኑ" አለችኝ። አባባ ከመስኮት ያዩን ነበር። መኪናዋ ስትሄድ፣ "መቼ ትወስጂኛለሽ?" አሉኝ።

በሚቀጥለው ዕረፍቴ ወሰድኳቸው። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነው የወጡት።

የጎረቤታችን ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለችን። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። አባቷ የተኙት ከልጆቹ ክፍሎች በአንዱ ነው፤ ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው መጋረጃው ተዘግቷል። ከሲታ ሆነዋል። አንድ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። አባባ ገብተው አልጋው ራስጌ ቆሙና በወታደር ደንብ ሰላምታ ሰጡ። ጎረቤታችን አዩዋቸው፤ ያውቋቸው አያውቋቸው መናገር አልችልም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ላይ መለሱና አንድ ቃል ተናገሩ። "ሆሺ።"

"ምን ማለታቸው ነው?" አልኳት ልጅቷን።

"ኮከብ" አለችኝ። "ከታመመ ጀምሮ ሌላ ቃል የለውም። ውጭ ማየት የሚፈልግ መስሎን በዊልቸር አወጣነው፤ አልሆነም። በኋላ ልጆቹ አንድ ነገር አሰቡ።" ጣቷን ወደ ጣራው ቀሰረች። "ለአያታችን ብለው አንድ ቀን ሙሉ ሲለጥፉ ዋሉ።"

ቀና አልኩ። ጣራው በፕላስቲክ ኮከብ ስቲከር ተሞልቷል፤ ልጆች ክፍል የሚለጠፈው፣ በጨለማ የሚያበራው ዓይነት። መጋረጃው ስለተዘጋ ነጣ ባለ አረንጓዴ ያበራሉ። ትልልቅ፣ ትንንሽ፣ በየማዕዘኑ። ሽማግሌው ጀርባቸው ላይ ተኝተው ከዚያ በቀር የሚያዩት ነገር የለም።

በእጃቸው የቀቡት ኮከብ ትዝ አለኝ። አባባ አልገባቸውም መስሎኝ ነበር፤ ግን የቃሉን ትርጉም እንኳ አልጠየቁኝም። ጣራውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ፣ ሌላ ወንበር ስበው ከአልጋው አጠገብ አደረጉና ወጡበት።

"አባባ፣ ይወድቃሉ!"

"ያዢኝ።"

ወገባቸውን ያዝኩ። ክንዳቸውን ዘርግተው በጥፍራቸው አንዱን ኮከብ ፈለቀቁ። ሁለተኛውን። ሴትዮዋ ደነገጠች።

"ምን እያደረገ ነው? ተው በይው! ልጆቼ ናቸው የለጠፉት!"

"አባባ፣ ይቁሙ። ተው እያለች ነው።"

"ንገሪያት" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

"ራሳቸው ያልነገሯትን እኔ እንዴት..."

"መናገር አይችልማ! ሰውየው እኮ ይጮሃል፣ ልጄ። አይታይሽም?"

እኔን የያዘኝ ቃል ማጣት አልነበረም። አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ከልጁ የደበቀውን ነገር፣ እሱ እየሰማ፣ መናገር ሳይችል፣ በሌላ ሰው አፍ ማውጣት ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስንት ሽማግሌ አጥቤአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሰው ራቁቱን የማስቀረት ያህል ተሰምቶኝ አያውቅም። ግን ነገርኳት። ሰርጓጁን፣ አውሮፕላኑን፣ የተፋቀችውን ፀሐይ፣ የተቀባውን ኮከብ፣ አብራሪውን። ሽማግሌው እንዲሰሙኝ ሳልፈልግ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ክፍሉ ግን ትንሽ ነው።

ስትሰማኝ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። "አበባ ነበር የሚሠራው" አለች፣ እንዳርማት እንደምትጠብቅ ሁሉ። "አባቴ አበባ ነው ሲያሳድግ የኖረው።"

"አዎን" አልኳት።

ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ አጎንብሳ በጃፓንኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ዓይናቸው አባባን እየተከተለ ነበር። እሷም ከጓዳ መሰላል አመጣች። አባባን ከወንበሩ አውርደን የቀሩትን ኮከቦች እሷ አወረደቻቸው። እኔ በእጄ ተቀበልኳት። ሲያልቅ ጣራው ላይ የማጣበቂያው ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። ሽማግሌው አሁንም ወደ ላይ ያያሉ። ስንወጣ አባባ የሽማግሌውን እጅ ጨብጠው ረዘም ላለ ጊዜ ያዙ፤ ከሚንቀሳቀሰው በኩል መሆኑን አላየሁም።

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። መኪና እየቆመ እየሄደ ሳለ አባባ ያልጠየቅኋቸውን ጀመሩ።

"የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ አንቺ ጨቅላ ነበርሽ" አሉ። "ለጃንሆይ ነው የምትዋጉት ብለው ከካምፕ አወጡን። በማን ላይ እንደምንተኩስ ያወቅነው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የክብር ዘበኛ የተባለ በየሰፈሩ ይታደናል። እኔ አንድ ቦይ ውስጥ ተኝቼ ውዬ ስወጣ የጦር ሠራዊት ወታደር ሞቶ አገኘሁ። ካፖርቱንና ቆቡን አወለቅሁ። የኔን ጣልኩና የሱን ለበስኩ።"

ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋ። ትንሽ ተንቀሳቀስኩ።

"ኬላ ላይ የሱ ጓዶች ያዙኝ። ካፖርቱን አይተው፣ በርታ ወንድም አሉኝ። ሲጋራ ለኮሱልኝ። ካፖርቱ ደረቱ ጋ ገና እርጥብ ነበር። እኔ ሲጋራቸውን አጭሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናትሽ ስታጥበው ማን እንደቆሰለ ጠየቀችኝ፤ ሌላ ነገር አልኳት።"

"ምን ያደርጉ ነበር ታዲያ፣ አባባ? ይገድሉዎት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። እሱስ ምን ያደርግ ነበር?" በመስኮቱ በኩል ማየት ጀመሩ። "ሌባ ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ አየሽው? እሺ አለ። እኔን እስከ ዛሬ ማንም ሌባ ብሎኝ አያውቅም።"

አባቴን አርባ ለሚጠጋ ዓመት አውቃቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን አጠገቤ የተቀመጡት ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ያን የሞተውን ወታደር አሰብኩ። ያለ ካፖርት ነው የተገኘው። የማን ወገን እንደሆነ ለይተው ቀብረውት ይሆን?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። አባቷ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም በቤተሰብ ብቻ መፈጸሙን ነገረችኝ። ሐዘኔን ገለጽኩላት። ከዚያ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "እርግጠኛ ነሽ? የአባቴ እንግሊዝኛ ጥሩ አልነበረም። አንቺም ለሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ እያስተረጎምሽ ነበር። ወንድሜ አላመነም። ተሳስተሽ ሊሆን አይችልም?"

የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ አልኳት። ወንድሜ አያምንም ብላ ደገመችልኝ።

"ኮከቦቹ ከወረዱ በኋላ... ቃሉን መናገር ተዉ?" አልኳት።

"አልተወም" አለችኝ። "እስከ መጨረሻው ይል ነበር። ልጆቼ ደግሞ ለምን አወረድሽብን እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?"

መልሴን ሳትጠብቅ አመስግናኝ ስልኩን ዘጋች፤ ሁለተኛ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ያደረግኩት ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሴትዮዋን ከአባቷ ጋር ያስታረቅኋት ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አባቷን የነጠቅኋት።

ማታ ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጎረቤታችን ቃሉን እስከ መጨረሻው መናገራቸውንም ሳልደብቅ። አባባ ሹራባቸውን እያወለቁ ነበር፤ አንድ እጃቸው ውስጡ እንዳለ ቆሙ።

"እንግዲያው ሌላ ነገር ፈልጎ ይሆናል" አሉ። "እኛ ምን እናውቃለን።"

በማግስቱ ስመለስ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እራት ደርሷል ብዬ ስጠራቸው፣ ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ አሉኝ።